የእትዬ ጥሩምባ ስልክ

እኔ በር ላይ የቆምኩበት ቤት ተዘርፎ አያውቅም። ይሄን መጀመሪያ እወቁልኝ። ባንክ ጠብቄያለሁ፣ የጨርቅ መጋዘን ጠብቄያለሁ፣ አንድ ዘመን ደግሞ የአንድ ሀብታም ውሻ ጠብቄያለሁ፤ እሱ እኔን መጠበቅ ሲገባው። አሁን የምጠብቀው የነቀርሳ ምርምር ማዕከሉን ነው። ከዚያ ደግሞ ምን ይሰረቃል ትሉ ይሆናል። ምንም! ሌባ እንኳ እዚያ በር ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል። ቢሆንም ዘበኛ ዘበኛ ነው።

ዛሬ ግን ስለ እኔ አይደለም የማወራችሁ፤ ስለ እኔ ከጀመርን ይመሻል፣ ይነጋል። የማወራችሁ ስለ ሚስቴ ታላቅ እህት ነው፣ ስለ ዋርሳዬ። ከተማው ሁሉ እትዬ ጥሩምባ ነበር የሚላት።

እትዬ ጥሩምባ የመናኸሪያ ጠሪ ነበረች። የተገለበጠ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ትወጣና የሚነሱትን አውቶቡሶች ትጠራለች። በባዶ ጉሮሮዋ! አንድ ጊዜ አለቆቿ ማይክራፎን ሰጥተዋት ነበር፤ ገና "እንደምን አደራችሁ" ከማለቷ መሪ ላይ ያንቀላፉት ሾፌሮች በሙሉ ብድግ አሉ፤ አንዱማ ደንግጦ ባዶ መኪና ይዞ ወጣ። በማግስቱ ማይክራፎኑን መልሰው ወሰዱት።

ቋንቋ ሰባት ትናገር ነበር። ስምንተኛው ስድብ ነው። ፊደል የሚባል ነገር እንደኔው በሩቁ ነው የምታውቀው፤ ቋንቋውን የለቀመችው ከተሳፋሪ አፍ ነው። መቼም የኛ ከተማ ሰው ያልመጣበት አገር የለም፤ ከወደብ የመጣ አለ፣ ከተራራ የወረደ አለ፣ ጦርነት ያባረረው አለ፣ ፋብሪካው የጠራው አለ። አንዷ ምስኪን ጓዟን አንጠልጥላ ከአውቶቡስ ትወርዳለች፤ ሰው አታውቅ፣ ቋንቋ አትሰማ፣ ዓይኗ ይቅበዘበዛል። ያኔ ከሳጥኑ ላይ በእናቷ ቋንቋ፣ "ነይ፣ አትፍሪ! ያንቺ መኪና በዚህ ነው!" የሚል ድምፅ ይመጣል። ያቺ ሴት ያን ድምፅ ትረሳዋለች? እስክትሞት አትረሳውም። ይሄን ያዙልኝ።

ሚስቴን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ሚስቴ ገና ጡት የተወች ነበረች፤ እትዬ ቲኬት ቤቱ ውስጥ አስቀምጣት ትውላለች፣ በየመሃሉ ትጠራታለች፣ ይቺ ከቲኬት ቤቱ "አቤት!" ትላለች። እንደዚያ ነው ያደገችው፤ አቤት እያለች። እኔ ለጋብቻ የሄድኩ ዕለት ምን እንዳደረገችኝ ታውቃላችሁ? ሳጥኗ ላይ ወጣችና በሰባቱም ቋንቋ፣ "ይሄ ሰውዬ እህቴን ሊያገባ ነው! ክፉ ጠባዩን የምታውቁ አሁን ተናገሩ!" ብላ ለፈፈች። ከአንዱ አውቶቡስ መስኮት አንዲት ሴትዮ ብቅ አለችና፣ "ያንኮራፋል!" አለች። ይቺ ሴት የት ነው የምታውቀኝ ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ለካ ጠዋት ስመጣ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። "እሱስ ይቻላል" አለች እትዬ፣ ሰጠችኝ።

ወደ ማዕከሉ ልመለስ። የማዕከሉ ሐኪሞች ጭንቀታቸው አንድ ነበር፤ ሴቶቹ የሚመጡት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የጡታቸው እብጠት እንቁላል ሲያክል፣ ሲቆስል፣ ያኔ። ለምን? አንዷ ከሥራ ፈቃድ አይሰጡኝም ብላ፣ አንዷ ባሌ ይፈታኛል ብላ፣ ሌላዋ ደግሞ ካላወቅኩት የለም ብላ። ግድግዳ ላይ በየቋንቋው ወረቀት ለጠፉ፤ ዝናብ አነበበው። በመጨረሻ ቤት ለቤት ስልክ የሚደውል ማሽን አመጡ። ማሽን ግን ድምፅ ይፈልጋል። እትዬን ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር መናኸሪያ ሳልፍ ራሴ ሰማኋት ትላለች። ይሁን፣ ከተማረ ሰው ጋር አልከራከርም፤ እኔ ግን እውነቱን አውቃለሁ።

ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቧት። እትዬ ስትጮህ ቀጂው ሰውዬ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ወረወረው። "እማማ፣ ዝቅ ይበሉ" አላት። "ልጄ፣ ዝቅ ብዬ ለማን አውርቼ አውቃለሁ?" አለችው። "እህት የለዎትም? ለእህትዎ እንደሚያወሩት ያድርጉት።"

አደረገችው። እኔ ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ ነበር፤ እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። "እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ? ከምርመራ ማዕከሉ ነው የምደውልልሽ። ለጡት ምርመራ ተራሽ ደርሷል። ነይ፣ አትፍሪ። እኔ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ።" የመጨረሻዋ ነገር ከሰጧት ቃል ውስጥ አልነበረችም፤ ከራሷ የጨመረቻት ናት። ተይ ቢሏት፣ ደግመው ቢያስቀዷት፣ እንደገና ያችኑ ትጨምራለች። "ጠርቶ በር ላይ አለመቀበል ብልግና ነው" አለች። ተዉላት፣ በሰባቱም ቋንቋ እንዲሁ ቀዷት።

ቃሏንም ጠበቀች። ከመናኸሪያው ሥራ ስትወጣ እየመጣች እኔ አጠገብ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ የምትፈራዋን ሴት እጇን ይዛ እስከ ምርመራው ክፍል ታደርሳለች። እኔ ቦርሳ እፈትሻለሁ፣ እሷ ልብ ትፈትሻለች። ሠራተኞቹ፣ "እትዬ፣ እስቲ እርስዎም አንድ ጊዜ ይታዩ" ሲሏት፣ "ጠሪ አይሳፈርም!" ትላቸዋለች። እኛም እንስቃለን። ሞኞች። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በሽታውን በውስጧ ይዛው ነበር። የታወቀ ዕለት አልቆ ነበር። መጨረሻ ላይ ያ ጉሮሮ ተዘግቶ፣ ሚስቴ አፏ ላይ ጆሮዋን ደፍታ ነበር የምትሰማት። ቀበርናት።

ማሽኑ ግን መሞቷን ማን ነግሮት?

በሳምንቱ አንዲት ሴትዮ ሻርፗ ከትከሻዋ ወርዶ፣ እያለከለከች በሩ ላይ ደረሰች። "የታለች?" አለችኝ። "ማን?" "ሴትዮዋ ናታ! አሁን ደወለችልኝ፣ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ ብላኛለች።" እኔ ደፋር ነኝ፣ በሽጉጥ ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን የአንገቴ ፀጉር ቆመ። "እናቴ፣ ሞታለች እኮ" አልኳት። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። ልትነሳም አልቻለች፣ ሳትመረመር ተደግፋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ብልህ ሆንኩ። ሲጠይቁኝ፣ "ሻይ ልትጠጣ ሄዳለች፣ እናንተ ግቡ" እላለሁ። ይገባሉ። ሲወጡ፣ "አልተመለሰችም?" ይሉኛል። "አልተመለሰችም" እላለሁ። እሱስ ውሸት አይደለም።

መሞቷን የሚያውቁት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበሩ። አንዷ ስልኳን የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። አንዲት ባልቴት፣ "የቱ በር ላይ ነው የምትጠብቀኝ? እኔ ገና ነኝ በሏት!" ብላ ላከችብኝ። ማዕከሉ ውስጥም ተጨቃጨቁ፤ የሞተ ሰው ሕያው አይጠራም፣ ድምፁ ይውጣ አሉ። የሬዲዮ ሴት አምጥተው ማር በሆነ ድምፅ አስቀዱ። ማር የሆነውን ድምፅ ሰምቶ የመጣ ሰው የለም። እትዬን መለሷት። ሴቶቹ እየፈሩም ቢሆን እሷ ስትጠራቸው ይመጣሉ።

ሚስቴ ግን አልመጣችም።

ዶክተሯ ነግራኛለች፤ ይሄ ነገር በደም ይሄዳል፣ እህትየዋ ሳትውል ሳታድር መታየት አለባት ብላኛለች። ለሚስቴ ስነግራት፣ "እሺ፣ የሚመጣው ሳምንት" ትላለች። የሚመጣው ሳምንት ሲመጣ የሚመጣው ሳምንት ትላለች። አንድ ረቡዕ ከሰዓት ተቀያሪዬ ቀድሞ ደረሰልኝና ቤት ገባሁ። ሚስቴ ፀጉሯን አበጥራ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። ስልክ ጆሮዋ ላይ ነው። አንድ ቃል አታወራም። "ማነው?" አልኳት። "የተሳሳተ ቁጥር" አለችኝ።

ለተሳሳተ ቁጥር የክት ይለበሳል? እኔ ቀናተኛ አይደለሁም። በዚህ ዕድሜዋ ወዳጅ ብትይዝ ለኔም ክብር ነው፤ ምርጫዬ ጥሩ ነበር ማለት ነው። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን ሆን ብዬ መጣሁ። ያው ነው፤ የክት ቀሚስ፣ በርጩማ፣ ግድግዳ።

በዚያው ሰሞን ልብስ ስታሰጣ አየኋት። በአንድ እጇ ነው የምታሰጣው። አንሶላውን በጥርሷ ይዛ፣ በቀኟ ገመዱ ላይ ትጥላለች፤ ግራ ክንዷን ጎኗ ላይ አጣብቃዋለች። "ምን ሆነሻል?" "ትራስ ነው፣ ጠምዞኝ አድሮ።" ትራስ! እኔ ስንት ዓመት ሰው ሲገባ ሲወጣ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እትዬም መጨረሻዋ ላይ ክንዷን እንደዚያ ነበር የምትይዘው። ስንጥቅ ያለበት ብርጭቆ እንደያዘ ሰው ቀስ ብዬ ወደ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ማዕከሉ ውስጥ ወዳለው የስልክ ክፍል ሄድኩ። እዚያ ማሽኑን የምትቆጣጠር አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት አለች። "ሚስቴን ረስታችኋታል እንዴ? ለምን አትደውሉላትም?" ብዬ ጮህኩባት።

"ኧረ ጋሼ! የእርስዎ ባለቤት ስልክ እንደሳቸው የሚያነሳ የለም። ገና ሲጠራ ያነሳሉ፣ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። አይመጡም እንጂ።"

"በየሳምንቱ ትደውሉላታላችሁ?"

"ማሽኑ ነዋ! ያልመጣ ሰው ላይ በየሳምንቱ ይደውላል። አንዴ ከመጡ ግን ይተዋቸዋል።" ሳቋ እየጠፋ ሄደ። እሷም ከኔ እኩል ገባት መሰለኝ።

ቤት ገባሁ። ሚስቴ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ለምንድነው የማትሄጂው?"

"እሄዳለሁ አልኩህ አይደል?"

"ብትሄጂ መደወሉን ያቆማል። እሱ ነው?"

ቢላዋውን አስቀመጠችው። "ታቆማለች" አለች። ያቆማል አላለችም።

"እትዬ ሞታለች! አብረን ነው የቀበርናት!"

"አውቃለሁ፣ ማን አላውቅም አለህ? እብድ መሰልኩህ?" እንባ ይሁን ሽንኩርት እንጃ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "አንተ ሙሉ ቀን በር ላይ ከሰው ጋር ስትለፈልፍ ትውላለህ። እኔን በሳምንት አንድ ቀን እህቴ እንደምን ዋልሽ ትለኛለች። እሱን ልትነጥቀኝ ነው?"

"ክንድሽስ?"

"ክንዴ ይታገሳል።"

"እትዬም ይታገሳል ብላ ነው የሞተችው!"

"ታዲያ ብሞት ምን አለበት?" አለችና ሽንኩርቱን አነሳች። እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ግን አልሳቀችም።

እኔ በዘዴ የሚያህለኝ የለም። የስልክ ክፍሏን ሴትዮ ለምኜ ድምፁን እንዳለ ስልኬ ላይ አስቀዳሁት። "ይኸው! በፈለግሽ ሰዓት ስሚያት፣ አሁን ተነሽ እንሂድ" አልኳት። ከፈትኩላት። እስከ ግማሽ ሰማችና፣ "ዝጋው" አለችኝ።

"ያው ድምፅ ነው እኮ!"

"ይሄ ፎቶ ነው። ፎቶ በር አንኳኩቶ አይገባም። እኔ የምፈልገው ስትደውልልኝ ነው።"

እዚህ ላይ ዘዴዬ አለቀ። ዘዴው ሲያልቅበት ሰው ምን ያደርጋል? ይለምናል። ዶክተሯ ጋ ገባሁ፣ ኮፍያዬን አወለቅኩ። "ዶክተር ልጄ፣ ሚስቴ ብትመጣም ማሽኑ መደወሉን እንዳይተዋት አድርጊልኝ።" ለምን እንደሆነ ነገርኳት። "ጋሼ፣ እኛ የምናጠናው የትኛው ጥሪ ሰው እንደሚያመጣ ነው። የመጣች ሴት እንዳልመጣች ከተቆጠረች ጥናቱ ይበላሻል" አለች። ቀጥላ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። "ትምጣ። የጥናቱን እኔ እወጣዋለሁ።"

ሚስቴ ሐሙስ ቀን መጣች። በሩ ላይ እንደ ማንኛዋም ሰው ቦርሳዋን ከፍቼ ፈተሽኩ። "የሚስትህን ቦርሳ ትፈትሻለህ?" "ሕግ ሕግ ነው።" "ፈትሽ እስቲ፣ ካልሲህን ታገኛለህ" አለችኝ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እሷም ሳቀች፣ ገባች። ስትወጣ ግን አልሳቀችም። በሽታው አለባት። ትንሽም አይደለም። ግን የሚቀደም ነው አሉን፤ ይቆረጣል፣ ከዚያ በደም ሥር የሚገባው መድኃኒት፣ ከዚያ የሚዋጠው።

ረቡዕ ስልኩ ጮኸ። ማዕከሉ ቃሉን ጠበቀ። ሚስቴ ፊቷ በራ፣ "መጣሁልሽ እኮ እትዬ!" አለች ወደ ስልኩ። ማሽኑ ግን የራሱን ብቻ ነው የሚያወራው። እኔ ደስ ብሎኝ ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ ሞትንም ማሽንንም ያስታረቅኩ እኔ ነኝ ብዬ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ መድኃኒቱ ከገባላት በኋላ ነው ነገሩ የዞረው። ፀጉሯ ረግፏል፣ ምላሷ እህል አይቀምስም፣ አልጋው ላይ እንደ ተጣለ ሻርፕ ናት። ረቡዕ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። አየችው። ጮኸ። አነሳችው፣ ትንሽ ሰማችና እንደሚያቃጥል ነገር አንሶላው ላይ ጣለችው። ከአንሶላው እጥፋት ውስጥ የእትዬ ድምፅ ቀጭን ሆኖ፣ "...ተራሽ ደርሷል። ነይ፣ አትፍሪ..." ይላል።

"ሄጄ የለም?" አለችኝ ሚስቴ። "ታይቼ፣ ተቆርጬ የለም? ታዲያ አሁን ወዴት ነው የምትጠራኝ?"

"ማሽን ነው እኮ" አልኩ።

"ማሽን መሆኑን አውቃለሁ።" ሹክሹክታ ነው የቀራት። "ልጅ ሆኜ ከመንገድ ማዶ ስትጠራኝ መኪና አላይም ነበር። ዝም ብዬ ነበር የምሮጠው። ሾፌሮቹ ፍሬን እየያዙ ይሰድቡኝ ነበር። እሷ ጠርታኝ እምቢ ብዬ አላውቅም።"

ከዚያ ቀን ወዲያ የባሰ ተዳከመች። ሾርባውን ወደ ግድግዳው ትገፋዋለች። የሚዋጠውን መድኃኒት ስሰጣት ምላሷ ሥር ትደብቀዋለች፤ ትራሷ ሥር አገኘሁት። ሌላ ረቡዕ መጣ፣ አነሳችው፣ ሰማችው፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። "አቤት" ነው የምትለው። ያኔ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሆነናል፤ እኔም አልጋው ዳር ከሞተች ሴት ጋር ገመድ እጓተታለሁ። ሌባ ቢሆን በዱላዬ እመልሰው ነበር። ይቺን ግን በሩን ከፍቼ፣ ኮፍያዬን አውልቄ ለምኜ ያስገባኋት እኔው ነኝ።

"ላስቁመው?" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በማግስቱም ያው። ማክሰኞ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ጫማዬን እያሰርኩ፣ "አስቁምልኝ" አለችኝ። በሩ ጋ ስደርስ፣ "ቆይ!" አለች። ቆምኩ። ብዙ ቆምኩ።

"ሂድ" አለች።

የስልክ ክፍሏ ሴትዮ፣ "እርግጠኛ ነዎት ጋሼ? ሰው ከመጣ በኋላ ካወጣሁት ማሽኑ እንደገና አይቀበለውም" አለችኝ። "አውጪው" አልኩ። በአንድ ጣቷ ነካ አደረገችው። ያን ያህል ነው፤ ዝንብ እንደማባረር።

ረቡዕ ዕለት ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ስልኩን አልጋው ላይ መሃላችን አስቀመጥነው፤ እሷ አስቀምጠው ስላለች ነው። ሰዓቱ ደረሰ። ዝም። እሷ ስልኩን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ሰዓቱ አለፈ። እጇን ሰደደችና ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

ያኔ ከግድግዳው ማዶ ስልክ ጮኸ።

ከጎናችን ክፍል የተከራየች አንዲት የወደብ አገር ሴት አለች፣ ዓሣ ቸርቻሪ። ጆሮዋ ስለሚከብዳት ስልኳን የምትሰማው በድምፅ ማጉያው ነው። አነሳችው። የእትዬ ድምፅ በወደብ ሰዎች ቋንቋ፣ በዚያ ዝቅ ባለው አነጋገሯ፣ በግድግዳው ውስጥ ገባ። ቃሉ አይገባንም፤ ግን እናውቀዋለን። ሚስቴ ትንፋሿን ያዘች። እኔም ያዝኩ። ድምፁ አለቀ፣ ሴትዮዋ ምላሷን ጧ አድርጋ ስልኩን ስታስቀምጥ ተሰማን።

"አትሄድም" አለች ሚስቴ።

"ማን?"

"ይቺ ናታ! ከአምናም ጀምሮ ይደወልላታል። ጡቴን ወንድ ሐኪም አያየውም ትላለች።" በቀኝ እጇ ተደግፋ ቀና አለች። ያን ሁሉ ሳምንት ራሷን ችላ ቀና ብላ አታውቅም። ግድግዳውን በጡጫ መታችው፤ ኖራው ትራሷ ላይ ረገፈ። "አንቺ! አንቺ ሴትዮ! ተነሽና ሂጂ! ሐኪሟ ሴት ናት!"

"ሰማሁ!" አለች ሴትዮዋ ከማዶ። "ግድግዳውን አታፍርሺው!"

"ነገ እጠይቅሻለሁ!"

"አንቺ መጀመሪያ ከአልጋሽ ውረጂ!"

ሚስቴ እያለከለከች ትራሷ ላይ ወደቀች። ኖራውን ከፊቷ ጠረገችና ወደኔ ዞረች።

"ምን ታፈጥብኛለህ? መድኃኒቱን አምጣው፣ ከነውሃው።"

አመጣሁላት። ዋጠችው። አፏን አስከፍቼ ምላሷ ሥር አየሁ፤ ሰደበችኝ።